የዘይነባ ውሃና የቡሬ ዓይን

በእኛ በባሌ ደጋ ስንዴ ሲታመም ገበሬው የሚያሳየውን ጥንቃቄ አይታችሁ ታውቃላችሁ? ዋግ የሚባለው በሽታ ማሳው ላይ ወርዶ ቅጠሉን የዛገ ቆርቆሮ ሲያስመስለው የሲናና ገበሬ አይደነብርም፤ ይጠይቃል። አንድ ሰው መጥቶ "ይህን መድኃኒት ብትረጭ ይለቅልሃል" ቢለው፣ "የት ተሞከረ? ያልተረጨውስ ጎኑ አለ ወይ?" ይለዋል። ከዚያ የተባለው ቦታ ድረስ ሄዶ፣ የተረጨውንና ያልተረጨውን ጎን ለጎን አይቶ፣ ዛላውን በመዳፉ አሽቶ፣ ፍሬውን በጥርሱ ሰብሮ፣ ቤቱ ተመልሶ እንደገና ያስብበታል። በዚህ መሃል መድኃኒት ሻጩ ቢያረጅ የራሱ ጉዳይ ነው።

ሰው ሲታመም ግን ይህ ሁሉ ጥንቃቄ የት እንደሚገባ እንጃ። አንዲት ሴት "ጡቴ ውስጥ እብጠት አለ" ያለች እንደሆነ ፀሐይ ሳትጠልቅ ሰፈሩ በሙሉ ሐኪም ይሆናል። አንዱ ማር በነጭ ሽንኩርት ይላል። ሌላው የአጎቱን ሚስት ያዳነ ሥር ከሐረና ጫካ ላስመጣ ይላል። ጎኑ ያልተረጨ ማሳ አለ ወይ ብሎ የሚጠይቅ ግን አንድም አይገኝም። ለስንዴያችን የምንሰጠውን ጥርጣሬ ለእህቶቻችን ብንሰጣቸው ምን ነበረበት?

እህቶቻችን ያልኩት ያለ ምክንያት አይደለም።

ዘይነባ ታናሽ እህቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ሮቤ ውስጥ በአንድ ግቢ ነው የምንኖረው፤ እሷ በግራ፣ እኔ በቀኝ። ዕድሜዋን ሙሉ ቅቤ ስትነግድ ኖራለች። ድንች የተቀላቀለበትን ቅቤ ቅጠሉን ሳትፈታ ከውጭ አሽትታ የምታውቅ፣ ባለቅቤውንም ሰው ፊት አቁማ የምታስለቅስ ሴት ናት። በታላቅነቴ ኦቦ ትለኛለች፤ ከዚያ በኋላ ያሻትን ትናገረኛለች።

እብጠቱን ለብዙ ጊዜ ደብቃን በመጨረሻ ጎባ ሐኪም ቤት ወሰድናት። በመርፌ ናሙና ወሰዱ፤ ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር ነው ተባለ። የምታክማት ዶክተር ወጣት ናት፤ ቀስ ብላ ነው የምትናገረው። "ገና አልተሰራጨም። አሁን ቆርጠን ካወጣነው ጥሩ ተስፋ አለ፤ ከዚያ በመድኃኒት እንከታተላለን" ብላ የቀዶ ጥገና ቀጠሮ ሰጠቻት። ዘይነባ በመንገዳችን ሁሉ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዙራ መጣች። ሚኒባሱ ውስጥ ዘፈን ጮኾ ነበር፤ ሌላ ጊዜ ቢሆን ሹፌሩን ስታዋርደው ሮቤ እንደርስ ነበር።

በማግስቱ ሸምሱ መጣ። ሸምሱ ከስልጤ አገር መጥቶ እዚህ ሱቅ ከፍቶ እዚሁ የሸበተ ጎረቤታችን ነው። ደግ ሰው ነው፤ ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ። ይህ ሁሉ የመጣው ከክፋት ቢሆን ኖሮ እኔም እንቅልፌን አላጣም ነበር፤ ክፉ ሰው ሲመክርህ ቢያንስ ትጠነቀቃለህ። ሸምሱ ስልኩን ይዞ ዓይኑ እንባ አቅርሮ፣ "አዴ ዘይነባ፣ አላህ መፍትሔውን ልኮልናል" አለ።

ስልኩ ላይ እንደ ሐኪም ነጭ ጋውን የለበሰ ሰው ይናገራል። ካንሰር የሚኖረው አሲድ በበዛበት ሰውነት ውስጥ ነው ይላል። አሲድ ማለት እንደ ኮምጣጤ ያለ ነገር ነው። ተቃራኒው አልካላይን ይባላል፤ እንደ አመድና እንደ ሳሙና ውሃ ያለ ነው። ሰውነት አልካላይን ከሆነ ካንሰር አንድ ቀን እንኳ መኖር አይችልም፣ ሐኪሞች ግን ይህን አይነግሯችሁም አለ ሰውዬው። ስለዚህ ሥጋ የለም፣ ወተት የለም፣ ዳቦ የለም፤ የዳቦ መጋገሪያ ሶዳ በውሃ በጥብጦ መጠጣት፣ ከዚያም ሎሚ። እኔ ሎሚ ራሱ አሲድ አይደለም ወይ ብዬ ጠየቅሁ። ሸምሱ በሐዘኔታ አየኝና፣ "አባ ጀማል፣ አፍ ላይ አሲድ ነው፤ ሆድ ሲገባ ይገለበጣል" አለኝ። ሎሚ ይህን ያህል ወላዋይ መሆኑን እስከዚያ ቀን አላውቅም ነበር።

ሸምሱ ወሬ ብቻ አልነበረም የያዘው። አዲስ አበባ ያለ ወንድሙ የላከለት ትንንሽ ወረቀት ነበረው። ሽንት ውስጥ ሲነከር ቢጫ ከሆነ አሲድ ነው፣ ሰማያዊ ከሆነ አልካላይን። በሽታው መሸነፉን በዚያ እናውቃለን አለ። ነገሩን ያከበደው ይህ ወረቀት ነው። ወሬን ሰው ይጠራጠራል፤ ዓይንህ እያየ ቀለሙን የሚቀይር ወረቀትን ግን ምን ብለህ ትጠራጠራለህ?

ከዚያ ዘይነባ ራሷ ከመቀመጫዋ ብድግ አለች። "ይህ እኮ ሆራ ነው!" አለች።

ሆራን ለማታውቁ ላስረዳ። ከመሬት የሚፈልቅ ጨው ጨው የሚል ውሃ ነው፤ እንደ ሳሙና ያሙለጨልጫል። ከአያት ቅድመ አያት ጀምሮ ከብቶቻችንን በየጊዜው እየነዳን ወስደን እናጠጣለን። ከብቶቹ ሽታው ከሩቅ ሲመጣላቸው እረኛውን ጥለው ይሮጣሉ። ከጠጡ በኋላ ቆዳቸው ያበራል፣ ወተታቸው ይበዛል፣ አጥር ይሰብራሉ። በባሌ ሆራ ጠጥታ የማታምር ላም የለችም፤ ይህን የሚክድ ባሌ አያድርም።

ሸምሱ ሰው ልኮ አንድ ጀሪካን ሆራ አስመጣ። ጎረቤቱ ተሰበሰበ። ወረቀቱን ነከረው። ሰማያዊ ሆነ፤ ሰማያዊ ብቻ አይደለም፣ ቀለም የፈሰሰበት መሰለ። "ማሻአላህ!" ተባለ። የስልኩ ሳይንስና የእኛው ሆራ በአንዲት ብጣሽ ወረቀት ላይ ተጨባበጡ። እኔም ለአፍታ ደስ አለኝ፤ ምን ላድርግ፣ የአገር ነገር ሲመሰገን ደስ ይላል። "ለከብቱ ይህን ያህል ከሠራ ለሰውማ!" አሉ አንድ አዛውንት፤ ሁሉም ራሱን ነቀነቀ። ተመልከቱ፣ እዚህች ጋ ነው ስንዴ ቢሆን ኖሮ የምንቆመው። ሰው ስለሆነች አለፍነው።

ዘይነባ ጠጣች። ጠዋት ሆራ፣ ቀን ሶዳ፣ ማታ ሎሚ። ቅቤ ነጋዴዋ ቅቤ ተወች። ወረቀቱ በየቀኑ ሰማያዊ ይሆናል፤ በየቀኑም አምጥታ ታሳየኛለች። እኔ ግን ከወረቀቱ በላይ ያለውን አየሁ። ጉንጯ ገባ። ድሮም የደም ግፊት ነበረባት፤ ቁርጭምጭሚቷ አብጦ ጫማዋ እምቢ አላት። ቀጠሮው ሲቃረብ፣ "ጎባ አልሄድም ኦቦ። እየዳንኩ ስለሆነ ለምን እቆረጣለሁ?" አለችኝ።

እኔ ሻይ ከመጠጣቴ በፊት ብርጭቆውን ወደ ብርሃን አንስቼ የማይ ሰው ነኝ። ከሰው ጋር መከራከር አልወድም፤ ልቤ ይመታብኛል። የተማርኩትም ስድስተኛ ክፍል ድረስ ነው፤ ስለ አሲድ ነጭ ጋውን ከለበሰ ሰው ጋር የምሟገትበት አቅም የለኝም። ስለዚህ የማውቀውን አንድ ነገር አደረግሁ፤ ሄጄ ጠየቅሁ። ሰማያዊ ከሆኑት ወረቀቶች አንዷን በላስቲክ ጠቅልዬ ጎባ ሄድኩና ዶክተሯን በር ላይ ጠበቅኋት።

ትስቅብኛለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። ወረቀቷን ተቀብላ አየቻትና፣ "አባቴ፣ ይህ ወረቀት አይዋሽም፤ የተጠየቀው ግን ስለ ሽንት ነው፣ ስለ ካንሰር አይደለም" አለችኝ።

"እንዴት?"

"ሽንት ኩላሊት የማይፈልገውን የሚጥልበት ነው። እህትዎ የጠጣችውን ሶዳና ሆራ ኩላሊቷ አውጥቶ ጣለው። ወረቀቱ የነገረዎት መጣሉን ነው። ደሟ እንዳለ ነው። ደምን ሳንባና ኩላሊት ይጠብቁታል፤ በምግብና በውሃ እንዲህ በቀላሉ አይለዋወጥም። ከልክ ያለፈ ሶዳ ወስዳ በግድ ቢለወጥ ደግሞ ከካንሰሩ በፊት የምትጎዳው እሷ ናት።"

"ታዲያ ሙሉ በሙሉ ውሸት ነው በይኛ፣ ልጄ።"

"አይደለም፤ እሱ ነው የሚያስቸግረው። ጫፏ እውነት ናት። እብጠቱ አካባቢ አሲድ ይበዛል። ግን ያንን አሲድ የሚያመርተው ካንሰሩ ራሱ ነው። ጭስ አይተው፣ ቤቱን ያቃጠለው ጭሱ ነው እንደማለት ነው። ጭሱን ቢያራግቡት እሳቱ አይጠፋም።"

የመጣሁበትን ጥያቄ ያኔ አወጣሁት። "ጎን ለጎን ታይቷል ወይ?" አልኳት። የጠጡና ያልጠጡ?

"ተመራማሪዎች ፈልገዋል አባቴ። የተሠራውን ጥናት ሁሉ ሰብስበው መርምረዋል። ይህ ውሃ ወይም ይህ አመጋገብ ካንሰርን እንደሚያድን የሚያሳይ ማስረጃ አላገኙም። አትክልት ትብላ፣ ጥሩ ነው። ሆራው ግን ለደም ግፊቷ ጨው ነው፤ ዛሬውኑ ታቁም። ከሁሉም በላይ የምፈራው በዚህ መሃል የሚያልፈውን ጊዜ ነው። ዛሬ ቆርጬ የማወጣውን ነገ ላላገኘው እችላለሁ።"

ሮቤ ተመልሼ የሰማሁትን ሁሉ አንድም ሳላስቀር ለዘይነባ ነገርኳት። አዳመጠችኝ። ከዚያ፣ "ሐኪሟማ ምን ትበል ኦቦ? ቅቤ ነጋዴ ዘይት ግዙ ስትል ሰምተሃል?" አለችኝ። ሸምሱም ከሱቁ በር ላይ ሆኖ፣ "ሰማያዊ ሆኗል እኮ አባ ጀማል! ምን ይሁንልዎት? አረንጓዴ?" አለ። ጆሮዋን ማሳመን እንደማልችል ገባኝ፤ ያመነችው በዓይኗ ነው። እውነቱንም በዓይኗ ነው ማሳየት ያለብኝ። ግን ምን ላሳያት?

በዚያው ሰሞን ልጄ ጀማል ከሲናና ደወለ። እርሻውንና ከብቶቹን የያዘው እሱ ነው። "አባ፣ የቡሬን ዓይን የከብት ሐኪሙ አይቶታል" አለ። ቡሬ ዥንጉርጉር ላማችን ናት፤ በዓይኗ ዙሪያ ነጭ አላት። ዓይኗ ላይ የበቀለው ሥጋ ካንሰር እንደሆነ ሐኪሙ ነግሮታል፤ ሳይሰፋ ሐሙስ መጥቶ ቆርጦ ያወጣዋል። "እሺ" ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። እኔ ነገር ቶሎ አይገባኝም። የአስር ሶላት ሰግጄ ምንጣፌን ሳጥፍ ነው ብልጭ ያለልኝ፤ ከብትም ለካ ካንሰር ይይዘዋል!

ለዘይነባ ምንም አላልኩም። "ቡሬ ታማለች፣ እንያት" ብቻ አልኳት። ቡሬን ከጥጃነቷ ጀምሮ የምትወዳት ናት፤ እንቢ አላለችም። ሸምሱንም ጠራሁት፤ "ወረቀትህን ይዘህ ና" አልኩት። ሱቁን ዘግቶ መጣ። ደግ ሰው ነው ብያችኋለሁ።

በረቱ ጋ ስንደርስ ጀማል የአክስቱን እጅ ስሞ፣ "አዳዳ፣ እንኳን ደህና መጡ" አለ፤ የአባትን እህት በኦሮምኛ አዳዳ ነው የምንለው። እኔ ሸምሱን፣ "እስኪ የላሚቱን ሽንት በወረቀቱ እይልን" አልኩት። ግራ ገባው፤ ግን ወረቀቱ ሲወደስ ደስ ስለሚለው እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ ከቡሬ ኋላ ቁጢጥ አለ።

ቡሬ እንግዳ የምታፍር ሆነች። ቆማ ታመነዥካለች።

"አባ ጀማል፣ ሱቄን ዘግቼ የላም ሽንት ስጠብቅ የአገሬ ሰዎች ቢያዩኝ ምን ይላሉ?" አለ ሸምሱ።

"ንግድ አስፋፋ ይላሉ" አለችው ዘይነባ። "ፈንጠር በል ደግሞ። እዚያ ከቆየህ ከወረቀቱ በፊት አንተን ነው የምትነክርህ።"

ብዙ ቆይተን ሳቃችን ካለቀ በኋላ ቡሬ ጅራቷን አነሳች። ሸምሱ እንጨቱን ሰደደ። ወረቀቱ ሰማያዊ ሆነ። የዘይነባ ወረቀት አጠገቡ ቢቀመጥ የታጠበ ነጠላ ይመስላል።

"አላሁ አክበር!" አለ ሸምሱ እንጨቱን ወደ ላይ አንስቶ። "አያችሁ? ከአዴ ዘይነባም ትበልጣለች! ይህች ላም ካንሰር አጠገቧ አይደርስም!"

ጀማል የቡሬን አንገት አቅፎ ፊቷን ወደ እኛ አዞረ። "ካንሰር ነው እኮ ያለባት ጋሽ ሸምሱ" አለ። ዓይኗ ጥግ ላይ ቀይ ሥጋ እንደ እንጆሪ ወጥቶ ያዣል፤ ዝንብ ወርሮታል።

ሸምሱ ወረቀቱን አየ፤ ዓይኗን አየ፤ እንደገና ወረቀቱን አየ። በመጨረሻ ድምፁን ቀንሶ፣ "ምናልባት... ሆራውን ቢጨምሩላትስ?" አለ።

ጀማል ሳቀ። "ከዚህ በላይ ምን ይጨመርላት? ሆራ ጠጥታ ነው ያደገችው! ከጥጃነቷ ጀምሮ አዳዳ ራሳቸው እየነዱ ያጠጧት ላም እኮ ናት።"

አስቡት እንግዲህ። ሥጋ ቀምሳ አታውቅም። ዳቦ አታውቅም። ስኳር በሕልሟም አላየች። ዕድሜዋን ሙሉ ሣርና ሆራ። ከዚህ በላይ መመሪያ የሚያከብር ታማሚ ከየት ይመጣል?

ዘይነባ ወደ ቡሬ ቀርባ ዝንቦቹን በነጠላዋ ጫፍ አባረረችላት። "ሐሙስ ነው የምትቆርጧት?" አለች ጀርባዋን እንደሰጠችን።

"ሐሙስ ነው አዳዳ።"

"ትንሽ ብትቆዩስ? ሌላ ነገር ሞክራችሁ ብታዩ?"

"ምን ነካዎት? ይሰፋል እኮ! ከቆየን ላሟ ትሞታለች!" ካለ በኋላ ነው ለማን እየተናገረ እንደሆነ ለጀማል የታወቀው። አንገቱን ደፋ። ዘይነባ ዘወር አለች። አላለቀሰችም። "ጥሩ ነው" አለች። "ለላም የሚቸኩል ዘመድ አለኝ። ለእኔም የሚቸኩል አይጠፋም።"

ስንመለስ ሸምሱ ከፊት ከሹፌሩ ጎን ተቀመጠ፤ እኛ ከኋላ። መንገዱን አጋምሰን ዘይነባ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች። "ውሃውን አምኜ አይደለም ኦቦ። ፈርቼ ነው። ወረቀት አይቆርጥም፤ እነሱ ይቆርጣሉ።"

"እኔ በሩ ላይ እቆማለሁ" አልኳት።

"አንተማ እነሱ ቢላዋ ሳያነሱ በድንጋጤ ትሞታለህ።"

"እሞታለሁ እንጂ ከበሩ አልነቃነቅም።"

ሳቀች። እብጠቱ ከወጣባት ወዲህ የመጀመሪያው እውነተኛ ሳቋ ነበር።

ሆራውን አቆመች፤ የእግሯ እብጠት ጎደለ፤ በቀጠሮዋ ሄደች። ዶክተሯ ስለ ቡሬ ስነግራት በዚህ ጊዜ ሳቀች፤ ከዚያ ፊቷን ኮስተር አድርጋ፣ "አባቴ፣ ሣር የሚበላ እንስሳ ሆራ ባይጠጣም ሽንቱ ወረቀቱን ሰማያዊ ያደርገዋል። በአንዲት ላም ማስረጃ አይሠራም" አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ። "ግን" አለች፣ "'ሰማያዊ ከሆነ ካንሰር በጭራሽ አይኖርም' ለሚል ሰው አንዲት ላም ትበቃዋለች።" ይህን ስትል ደረቴን ነፍቼ እንደነበር አልክድም። ከዚያ በሩ ተዘጋ። ቆምኩ። ስለዚያ መቆም ብዙ አልናገርም፤ በር ላይ ቆማችሁ የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

ወጣች፤ አልሐምዱሊላህ። መድኃኒቱ ግን አላለቀም። ፀጉሯ ረግፎ እየተመለሰ ነው፤ አፏን ሲመራት እኔን ትሰድባለች። ድናለች ብዬ አልምልም፤ ሐኪሞቹም አልማሉም፤ ክትትሉ ይቀጥላል። ግን ወደ ገበያዋ ተመልሳለች፤ የድንች ቅቤ የሚያመጡትም ተመልሰው ማልቀስ ጀምረዋል።

እዚህ ላይ ብጨርስ ጥሩ ነበር። አገሩ አላስጨረሰኝም።

ሰው ያየው ምንድን ነው? ዘይነባ ታመመች፤ ዘይነባ በጀሪካን ሆራ ጠጣች፤ ዘይነባ ገበያ ወጣች። በመሃል ያለው የጎባ በር የማይታይ በር ነው፤ ሴት ልጅ ጡቷን መቆረጧን በገበያ አታውጅም። ስለዚህ "ዘይነባ በሆራ ዳነች" ተባለ። ከሩቅ፣ አንገቱ ከሚባለው ከተማ ድረስ የሰሙ መጡ። የትኛው ምንጭ ነው፣ በባዶ ሆድ ነው ወይ፣ ስንት ጣሳ ነው ይላሉ። ሸምሱ፣ "ኧረ ተቆርጣ ነው የዳነችው! ወላሂ ነው የምላችሁ!" እያለ ሱቁ በር ላይ ይለፋል። ማን ይስማው? ምስጢሩን ሊሸጥልን ፈልጎ ነው ይሉታል።

ባለፈው ሳምንት አንዲት ሴት ባዶ ጀሪካን ይዛ መጣች። ከየት ነሽ አልኳት። ከጎባ ናት፤ ቤቷም ከሆስፒታሉ አጥር ማዶ ነው። አጥሩን ትታ፣ ሚኒባስ ተሳፍራ፣ ሆራ ፍለጋ ሮቤ መጣች። ምን ልበላት? በዚህ መሃል ዘይነባ ከቤቷ ወጣች፤ ጀሪካኑን አየች፤ የሴትዮዋን ፊት አየች። "ነይ እናቴ" ብላ በእጇ ይዛ ወደ ውስጥ አስገባቻት። መጋረጃውን ሳበች።

ውስጥ የተነገረውን አልሰማሁም፤ ብዙም አልተነጋገሩም። ዘይነባ ለሐኪም ለማሳየት እንዲያ የፈራችውን ገላ፣ ስሟን እንኳ ለማታውቃት ሴት ከፍታ እንዳሳየቻት ግን ሴትዮዋ ስትወጣ ከፊቷ አወቅሁ። ነጠላዋን አጥብቃ፣ "ዛሬ ከሰዓት ሐኪሞቹ ይኖራሉ?" ብላ ጠየቀችኝ። ይኖራሉ አልኳት። በሩን ሳትዘጋ ሄደች።

ጀሪካኗ ደጃፉ ላይ ቀርቷል። አንስቼ ልጠራት ስል ዘይነባ ክንዴን ያዘችኝ።

"ተዋት ኦቦ" አለች። "ባዶ እጇን ቶሎ ትደርሳለች።"